የካሮም አጨዋወት፣ ከጣት አያያዝ እስከ ንግስቷ

ካሮምን ለማያውቅ ሰው ያለ ስቴካ የሚጫወቱት ፑል ነው ብዬ ነው የማስረዳው። ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኔፓል፣ ስሪላንካ ውስጥ ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም ቤቱ የሚጫወተው ነገር ነው፣ ክለብም የአለም ሻምፒዮናም አለው፣ አለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ በፈረንጆቹ 1988 እዛው ህንድ ቼናይ ነው የተመሰረተው። ህጉን ቶሎ ትይዙታላችሁ፣ የሚያስቸግረው ጣት ነው፣ ስለዚህ ህጉን ፈጠን ብለን እንለፈውና ጣቱ ላይ እንቆያለን።

ሰሌዳው ከኮምፔርሳቶ የተሰራ ለስላሳ አራት ማዕዘን ነው፣ የውድድሩ 74 በ74 ሴንቲሜትር፣ ዙሪያውን የእንጨት ጠርዝ አለው አራቱም ጥግ ላይ ደሞ ቀዳዳ። ቀዳዳው ውስጥ የምናስገባቸው ጠጠሮች 9 ጥቁር፣ 9 ነጭ (ነጭ ይባላል እንጂ የእንጨት ቀለም ነው) እና አንዲት ቀይ፣ እሷ ንግስት ነች። የምንመታበት ስትራይከር ይባላል፣ ከጠጠሮቹ ሰፋም ከበድም ይላል፣ ጠጠር 5 ግራም አካባቢ ሲሆን እሱ እስከ 15 ግራም ይፈቀድለታል። ሌላው ሰሌዳውን የሚያንሸራትተው ፓውደር ነው፣ አብዛኛው ሰው ቦሪክ (የቦሪክ አሲድ ዱቄት) ነው የሚጠቀመው፣ ትንሽ ነስነስ አድርጋችሁ በደረቅ ጨርቅ ማዳረስ፣ በቃ። ብዙ ካደረጋችሁ ዱቄቱ ይከመርና ጠጠሩ መሀል መንገድ ላይ ይዞራል። ቦሪክ ወደ አፍ ከገባ ጥሩ ነገር አይደለም፣ ህፃናት የሚጫወቱ ከሆነ ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠቡ።

አደራደሩ ንግስቷ መሀል፣ በዙሪያዋ 6 ጠጠር ነጭ ጥቁር ነጭ ጥቁር እያላችሁ፣ ከዛ ውጪ 12 እንደዛው እያፈራረቃችሁ፣ ነጮቹ ከንግስቷ ተነስተው በሶስት አቅጣጫ ቀጥ ብለው መሰለፋቸውን እዩ፣ ካልተሰለፉ የውጪውን ክብ አንድ ቦታ ዞር አድርጉት። ነጭ የያዘ ይጀምራል።

ስትራይከሩን ከፊታችሁ ባሉት ሁለት መስመሮች መሀል ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለቱንም መስመር መንካት አለበት፣ ጫፍ ላይ ያሉት ቀይ ክቦች ላይ ከሆነ ደሞ ወይ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው ወይ ጭራሽ አለመንካት፣ ግማሽ ግማሽ አይቻልም። ወንበር እየጎተቱ አንግል መፈለግም የለም። የራሳችሁን ካስገባችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ከሳታችሁ ተራው ይሄዳል፣ የተጋጣሚያችሁን ብቻ ካስገባችሁለት ገብቶ ይቀራል ተራችሁም ያልፋል። ስትራይከሩ ራሱ ቀዳዳ ከገባ ፋውል ነው፣ ከገቡላችሁ ጠጠሮች አንዱ ወጥቶ መሀል ይቀመጣል፣ ገና ምንም ካላስገባችሁ እዳ ሆኖ ይያዝባችኋል።

አሁን ንግስቷ። እሷን ለማስገባት መጀመሪያ ቢያንስ አንድ የራሳችሁ ጠጠር መግባት አለበት፣ ካስገባችኋት በኋላ ደሞ ወዲያው በሚቀጥለው ምት የራሳችሁን አንድ ጠጠር ማስከተል ግዴታ ነው፣ ይሄንን ከቨር ይሉታል። ካልቻላችሁ ንግስቷ ወደ መሀል ትመለሳለች። ሁለቱም በአንድ ምት ከገቡ ከቨር ተደርጋለች ማለት ነው። ንግስቷ ሰሌዳው ላይ እያለች የመጨረሻ ጠጠራችሁን ካስገባችሁ ቦርዱን (ማለትም ያንን ዙር) ተሸነፋችሁ፣ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚያለቅሰው።

ነጥቡ ቀላል ነው፣ ጠጠሩን ቀድሞ የጨረሰ ሰሌዳው ላይ ለቀረ ለእያንዳንዱ የተጋጣሚ ጠጠር 1 ነጥብ ያገኛል፣ ንግስቷንም ከቨር ያደረገው እሱ ከሆነ 3 ይጨመርለታል። የየቦርዱ ነጥብ ተደምሮ 22 ከደረሳችሁ ግን የንግስቷ 3 አይቆጠርላችሁም። ቀድሞ 25 የገባ ወይ ከ8 ቦርድ በኋላ የሚመራ ጌሙን ወሰደ።

እሺ ጣት። ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ኋላ ስቦ ከሩቅ ይመታል፣ ጥፍሩንም ያማል አቅጣጫም ይበላሻል። የሌሎቹ ጣቶች ጫፍ ሰሌዳው ላይ ይረፍ፣ እጃችሁ ድንኳን ይመስል ቆም ይበል፣ የጠቋሚ ጣታችሁ ጥፍር ስትራይከሩን ልትነካው ትንሽ ሲቀራት ትቁም፣ ከዛ ቸክ። መግፋት አይደለም፣ መግፋት ፋውል ነው፣ ማስፈንጠር ነው። ጠቋሚ ጣትን በመሀል ጣት ጠምደው የሚለቁም አሉ፣ በአውራ ጣት የሚመቱም አሉ፣ ሁሉም ይፈቀዳል፣ አንዱን መርጣችሁ እሱን አለማምዱ፣ በየምቱ አትቀያይሩ።

ሲያነጣጥሩ አይን መጀመሪያ ቀዳዳውን ነው ማየት ያለበት። ከቀዳዳው መሀል ተነስቶ በጠጠሩ መሀል የሚያልፍ መስመር አስቡ፣ መስመሩ ከጠጠሩ ጀርባ የሚወጣበት ነጥብ ላይ ነው ስትራይከሩ መንካት ያለበት። ከዛ ስትራይከሩን በመስመራችሁ ላይ ግራ ቀኝ እያንሸራተታችሁ ለዛ ነጥብ የሚመቸውን ቦታ ፈልጉ፣ ጀማሪ ይሄንን ይረሳና ሁሌ ከመሀል ይመታል፣ እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ ጨዋታ ይሄ ማንሸራተት ነው። ጉልበት ቀንሱ፣ ጠጠሩ ቀዳዳው ጋ ደርሶ ወደቀ የሚባልበት ፍጥነት ይበቃል፣ ከሳተም አፉ ላይ ይቆምላችኋል፣ በሀይል የተመታ ግን ጠርዝ ገጭቶ ተመልሶ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። በሀይል የሚመታው መክፈቻ ላይ እና በእናንተ በኩል ያለ ጠጠር ስትፈልጉ ነው፣ ያኔ ስትራይከሩን ማዶ ካለው ጠርዝ ጋር አጋጭታችሁ በመልሱ ታመጡታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዳዳ አፍ ላይ የቆመች ጠጠር ካለቻችሁ ወዲያው አትብሏት። የትም አትሄድም፣ ለተጋጣሚም ቀዳዳውን ትዘጋበታለች። ለምሳሌ ቀኝ ጥግ አፍ ላይ አንድ ነጭ አለቻችሁ፣ ንግስቷ ደሞ ወደ ግራው ቀዳዳ ቀርባ ቁጭ ብላለች እንበል፣ መጀመሪያ ንግስቷን ለስለስ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከቨሩ ቀኝ ጥግ እየጠበቃችሁ ነው፣ እሷን ለመሳት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ነጯን ቀድሞ ያስገባ ሰው ግን ንግስቷን ካገኘ በኋላ ከቨር ፍለጋ መሀል ያለውን ክምር ሲያይ ይውላል።

ለአራት ስትጫወቱ አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አንድ ቀለም ይጋራሉ፣ ተራው ወደ ቀኝ ይዞራል። በውድድር ላይ ለአጋር መናገርም ምልክት መስጠትም ክልክል ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ይሄን የሚያከብር ሰው ካገኛችሁ ንገሩኝ።