ባሕር ዳር ቢዝነስ ያላችሁ፣ ጎግል ላይ ያለውን ሰዓታችሁን እዩት

ሰሞኑን አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ጣና ዳር ዓሣ ልበላ ስፈልግ አንዱ ቤት ጎግል ማፕ ላይ «ተዘግቷል» ይላል። ብሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ዓሣው እየተጠበሰ ነው! ለካ ባለቤቱ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶት ኖሯል። ማታ 3 የሚዘጋውን 3፡00 ፒኤም ብሎታል፣ ለጎግል ደግሞ ያ ቀን 9 ሰዓት ማለት ነው፤ ስልኩን አይቶ የሚወስን እንግዳ፣ በተለይ ፈረንጅ፣ በራፉ ድረስ እንኳ አይመጣም።

ስለዚህ ጠዋት 2 ከሆነ 8፡00 ኤኤም፣ ማታ 3 ከሆነ 9፡00 ፒኤም ብላችሁ ሙሉ። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቤታችሁ ጎግል ማፕ ላይ የሚታይበት ገጽ፣ ነፃ ነው፣ «አወጣልሃለሁ» ለሚል ሰው ብር አትክፈሉ።

ስም ላይ የታፔላችሁን ብቻ ጻፉ። «ምርጥ ርካሽ ሆቴል ባሕር ዳር» እያሉ መደርደር ክልክል ነው፣ ገጹን ሊያሳግድባችሁ ይችላል። ወደ ዘጌ ጀልባ ታዘጋጃላችሁ? የጾም ምግብ አለ? እሱን መግለጫው ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስገቡት። ፎቶውን ራሳችሁ አንሱ፣ ከኢንተርኔት የተለቀመ ያስታውቃል። የበላ ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁ፣ ግን በቅናሽ አታባብሉት፣ እሱም አይፈቀድም።