ትሪስታን ዳ ኩኛ መሄድ ለሚያምራችሁ

መጀመሪያ «ትኬቱ ስንት ነው?» የምትሉትን ላስቁማችሁ። ትሪስታን ዳ ኩኛ አየር ማረፊያ የላትም። ደቡብ አትላንቲክ መሃል ላይ ብቻዋን የቀረች፣ የእንግሊዝ ግዛት የሆነች ደሴት ናት። ከኬፕታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሰው የሚኖርበት ቅርብ የሚባለው ጎረቤት ሴንት ሄሌና ነው፤ እሱም ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዋሪዎቿ 250 አይሞሉም። እኛ ለአንድ ሰርግ የምንጠራው ሰው ይበልጣል።

ታዲያ እንዴት ይኬዳል?

ከፈቃድ ጀምሩ። ለደሴቷ አስተዳዳሪ ቢሮ ትጽፋላችሁ፣ የደሴቷ ምክር ቤት አይቶ ይወስናል። የፖሊስ ክሊራንስ፣ የመመለሻ የመርከብ ቦታ፣ በቂ ገንዘብና የጤና ኢንሹራንስ እንዳላችሁ ማሳየት አለባችሁ። ኢንሹራንሱ ታማችሁ ኬፕታውን ብትወሰዱ ወጪውን የሚችል ይሁን። ሆስፒታል አላቸው፣ ግን ነገሩ ከከበደ መርከብ ነው የሚጠበቀው። ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ምንም ነገር አትክፈሉ።

ቀጥሎ የደቡብ አፍሪካ ቪዛ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ከሆነ ደጋግሞ የሚያስገባውን ጠይቁ። ኬፕታውን ገብታችሁ በመርከብ ትወጣላችሁ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ በዚያው ትመለሳላችሁ። ይህን የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

ዋናው ፈተና መርከቡ ነው። ጉዞው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የምትሳፈሩት 12 ሰው ገደማ በሚይዝ የዓሣ መርከብ ነው። በዓመት አንዴ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም አካባቢ፣ የደቡብ አፍሪካው የምርምር መርከብ አጉላስ ሁለት በዚያ ያልፋል። እሱ ትልቅ ነው፣ ብዙ ሰውም ይይዛል። ተራ ግን አለ፦ ቅድሚያ ለደሴቷ ሰዎች፣ በተለይ ለታመሙ፤ ቱሪስት መጨረሻ ላይ ነው። ኬፕታውን ታክማ የምትመለስ አንዲት እናት ካለች የእናንተ አልጋ የእሷ ነው። መናደድ የለም።

ጉዞው አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ደረስን ብላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ወደቡ ትንሽ ስለሆነ መርከቡ ውጭ ይቆማል፣ ማዕበል ካለም ደሴቷን ከሩቅ እያያችሁ ቀናት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ባሕሩ ሲረጋ በገመድ መሰላል ወደ ትንሽ ጀልባ ትወርዳላችሁ። ጀልባዋ ከእግራችሁ ስር ከፍ ዝቅ ትላለች። «አሁን!» ሲባል መልቀቅ ነው፣ ማመንታት አያዋጣም። ስለዚህ ከአለቃችሁ እረፍት ስትጠይቁ ሁለት ሳምንት ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ወር ተኩልም ላይበቃ ይችላል።

ሆቴል የለም። ወይ ቤተሰብ ጋር ታርፋላችሁ፣ ወይ የእንግዳ ቤት ትከራያላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ቤተሰብ ጋር እረፉ። ገንዘባቸው ፓውንድ ነው። ሰው ሁሉ የሚኖረው በአንድ መንደር ሲሆን ስሙ «የሰባቱ ባሕሮች ኤድንብራ» ነው፤ ነዋሪው ግን «ሴትልመንት» ብሎ ይገላገላል። የቤተሰብ ስሞቹ በጣት ይቆጠራሉ፦ ግላስ፣ ግሪን፣ ሄገን፣ ሮጀርስ፣ ስዌይን። ላቫሬሎና ሬፔቶ ደግሞ በ1892 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መርከባቸው ተሰብሮ እዚያው ከቀሩ ጣሊያኖች የመጡ ናቸው።

«ትንሽ መሬት ገዝቼ ብቀርስ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መሬቱ የጋራ ነው፣ ለውጭ ሰው አይሸጥም። አንድ ቤተሰብ የሚያረባው ከብትና በግም ልክ አለው። በ1817 ዊልያም ግላስና ጓደኞቹ ሲሰፍሩ ማንም ከማንም አይበልጥም ብለው ተፈራርመው ነበር፤ ወጉ ከዚያ ነው የመጣው።

የመንደሩን ኑሮ ማየት የፈለገ በጠዋት ይነሳ። ባሕሩ ለዓሣ ምቹ የሆነ ቀን ዶንግ ይመታል። ዶንግ ማለት የተንጠለጠለ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤት ቸርኬ ደወልን አስታውሱ። ያን ጊዜ ሰዉ የቢሮ ሥራውን ትቶ ወደ ጀልባ ይሮጣል። የሚያጠምዱት ሎብስተር የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ነው፤ ደሴቷን በዋናነት የሚያኖራትም እሱ ነው። ፋብሪካቸው ውስጥ አዘጋጅተው ወደ ውጭ ይልካሉ። ቴምብርና ሳንቲም ለሰብሳቢዎች መሸጥም አንድ ገቢ ነው።

ድንቹንም እዩ። ከመንደሩ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ እንዳይመታው በድንጋይ ካብ የታጠረ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ማሳ አለ። በ1946 ያዘጋጁት ቴምብር ላይ ዋጋው በድንች ነበር የተጻፈው፤ አራት ድንች አንድ ፔኒ!

ተራራው 2,062 ሜትር ነው፣ ያለ አስጎብኚ አትሞክሩት። እሳተ ገሞራ ነው። በ1961 ከመንደሩ አጠገብ ፈንድቶ ሕዝቡ በሙሉ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እዚያ መብራቱም፣ ሥራውም፣ ሱቁም ነበር። ድምፅ ሲሰጡ ግን 148 ሰው እንመለስ አለ፣ የተቃወሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ1963 አብዛኞቹ ተመለሱ።

መሄድ የማይሳካላችሁ ደብዳቤ ላኩ። አድራሻው ላይ «ደቡብ አትላንቲክ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጎላ አድርጋችሁ ጻፉ። በ2005 የራሳቸው የፖስታ ኮድ የተሰጣቸው ፖስታቸው ስኮትላንድ ወዳለው ኤድንብራ እየሄደ ስላስቸገረ ነው። መልሱም የሚመጣው በዚያው መርከብ ነው፣ ቶሎ አትጠብቁ።