ሕፃንና ጎረምሳ ይዞ ጃማይካ መሄድ፦ ከቲኬቱ በፊትና ከባሕሩ ዳር

የሦስት ዓመትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ወደ ካሪቢያን ሲሄድ የሚቸግረው የባሕሩ ወይም የሆቴሉ ጉዳይ አይደለም። ትንሿ ከቀትር በኋላ ካልተኛች ማታ ለማንም ዕረፍት የለም። ትልቁ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ገንዳ ዳር ከተቀመጠ በሦስተኛው ቀን ከስልኩ ቀና አይልም። ስለዚህ ሰዓቱን ትንሿ ትወስን፣ ቦታውን ትልቁ ይምረጥ። የሚከተለው ምክር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ጃማይካን የመረጥነው ከዋሺንግተን አካባቢ ቀጥታ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ታዳጊን የሚያዝናና ነገር ስለሞላባት፣ ከአገራችን ጋር ያላትንም ትስስር ልጆች በዓይናቸው ስለሚያዩት ነው።

ወረቀቱ ይቅደም

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሁሉንም ሰው ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ እዩ። በአንድ ቤት ውስጥ ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ እናት ግሪን ካርድ፣ አያት የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዛቸው የተለመደ ነው፤ የመግቢያ ሕጉ ግን ለሦስቱም አንድ ላይሆን ይችላል። የጃማይካን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስትጠይቁ «ቤተሰባችን መግባት ይችላል ወይ?» አትበሉ። ስለ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ይስጧችሁ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚወጣ የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው። የወላጆች 10 ዓመት ስለሆነ የልጁ ጊዜ ማለፉ ሳይታወቅ ይቀራል። ለማሳደስም ሁለቱም ወላጆች መቅረብ ወይም የቀረው ወላጅ በኖታሪ የተረጋገጠ ፈቃድ መላክ አለበት። ጭን ላይ የሚቀመጥ ሕፃንም ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ስሙም ቲኬቱ ላይ ይግባ።

የእኛ ሰው ብቻ የሚገጥመው ነገርም አለ። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ እናት በራሷ አባት ስም፤ ስለዚህ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ላይ ያለው የመጨረሻ ስም አይገናኝም። እናት ብቻዋን ልጆች ይዛ ስትሄድ ድንበር ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላልና የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ያዙ። አብሮ የማይሄደው ወላጅም የልጁ ሙሉ ስም፣ የጉዞው ቀኖች፣ የሚያርፉበት ቦታና የራሱ ስልክ ያለበት ደብዳቤ በኖታሪ አረጋግጦ ይስጥ።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው «አድቫንስ ፓሮል» የሚባለውን ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ መውጣት የለበትም፤ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኝበት ቤተሰብ ፖርቶ ሪኮን ያስብ። የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው፤ ግን እዚያም የድንበር ሠራተኞች አሉና አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። በአሜሪካ በኩል ለማለፍ ብቻ እንኳ የአሜሪካ ቪዛ ይጠየቃል፤ በሸንገን አገሮች ኤርፖርት ለመሸጋገርም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚት ቪዛ አለ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከ1 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ የክትባት ካርዱን ይያዝ። የጃማይካ መግቢያ ቅጽ በመንግሥቱ ድረ ገጽ በነፃ ይሞላል፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ገጽ ትክክለኛው አይደለም።

መቼ?

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ደረቅና ውድ ነው። ሜይና ኦክቶበር ዝናቡ ይበረታል። የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን ክፉው ጊዜ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ነው። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በጁን ሁለተኛ አጋማሽ መሄድ ዋጋውንም አደጋውንም ያስታርቃል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡባዊውን ዳርቻ የመታው በ2024 ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነበር። ሜሊሳ ደግሞ በኦክቶበር 28 ቀን 2025 ምዕራባዊውን ጃማይካ ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ «ክፍት ነው ወይ?» ማለት አይበቃም፤ ገንዳው፣ ምግብ ቤቶቹ፣ የልጆች ክለቡና የባሕሩ ዳርቻ ሁሉም እየሠሩ መሆናቸውን በጽሑፍ ጠይቁ። የጉዞ ኢንሹራንስ የምትገዙ ከሆነ ቲኬቱን በቆረጣችሁበት ሳምንት ግዙ። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዚያ ማዕበል አይከፍልም።

አንድ ማረፊያ ይበቃል

ለሰባት ሌሊት ሁለት ሆቴል አትያዙ። ሻንጣ ማሰር፣ መልቀቅ፣ መንገድና አዲስ ክፍል መጠበቅ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ትንሽ ልጅም አዲስ አልጋ እስኪለምድ ሁለት ሌሊት ይፈጅበታል። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ከሞንቴጎ ቤይ እስከ ፋልመዝ ባለው ዳርቻ እረፉ። ኤርፖርቱ እዚያው ነው፤ ዶክተርስ ኬቭ የሚባለው፣ መግቢያ የሚከፈልበት የባሕር ዳርቻም ውኃው የረጋ ነው። ኔግሪል ረጅምና ለስላሳ አሸዋ አላት፤ ከኤርፖርቱ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ናት። ልጆቹ ሁሉ ከስምንት ዓመት በላይ ከሆኑ ከታች የምናነሳው ፏፏቴ ያለባት ኦቾ ሪዮስ ትሻላለች።

ሆቴሉን የምትጠይቁት ይህን ነው። ክፍሉ ስንት ሰው ይቀበላል? ብዙዎቹ በአራት ስለሚወስኑ ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁለት ክፍል ያስፈልገዋል፤ ያኔ «ጎን ለጎን» ሲሏችሁ አትቀበሉ፣ በመካከላቸው በር ያለው «ኮኔክቲንግ» ይሁን፣ ማረጋገጫው ላይም ይጻፍ። ልጅ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንደ አዋቂ ይከፍላል? ብዙ ቦታ 12 ወይም 13 ነው፤ በጉዞው መካከል ልደቱ የሚውል ልጅ ሒሳቡን ይቀይረዋል። የልጆች ክለቡ ዳይፐር ያላቆመ ልጅ ይቀበላል? አብዛኞቹ ከ4 ዓመት በታች አይቀበሉም።

የቀኑ አከፋፈል

ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ትንንሾቹ ባሕር ላይ ይዋሉ፤ ፀሐዩ ለስላሳ፣ ዳርቻውም ባዶ ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ክፍል ውስጥ እንቅልፍ። አንዱ ወላጅ ታዳጊዎቹን ይዞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወጥቶ በ7 ሰዓት ይመለስ፤ በማግስቱ ወላጆች ይለዋወጡ። ሁሉም አንድ ላይ የሚወጣበት ቀን በሦስት ቀን አንዴ ይሁን፤ ለዚያ የሚስማማው የማርታ ብሬ ወንዝ ነው። የቀርከሃው ታንኳ ለሁለት ሰው የተሠራ መቀመጫ ስላለው አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ ምን ያህል ታንኳ እንደሚያስፈልጋችሁ ቀድማችሁ አስሉ። ፋልመዝ አጠገብ ያለው፣ በሌሊት ሲነኩት ውኃው የሚያበራው ሐይቅ ግን ለታዳጊዎቹ ይቆይ። ጨረቃ በሌለበት ምሽት ነው የሚያምረው፤ ትንሿ ያኔ ተኝታለች።

ደንስ ሪቨር ፏፏቴ 180 ሜትር ያህል በድንጋይ ላይ የሚወርድ ውኃ ነው፤ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ከአስጎብኚ ጋር ይወጣዋል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ውኃውም ይገፋል። የውኃ ጫማ የግድ ነው፤ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ ልጅ ታቅፎ መውጣት አይሞከር፣ ታች ዳርቻው ላይ ከአንዱ ወላጅ ጋር ይጫወት። የመርከብ ጎብኚዎች ኦቾ ሪዮስ የሚወርዱበት ቀን ሰልፉ ረጅም ነው፤ የመርከቦቹን ፕሮግራም አይታችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።

ውኃው

እዚህ ላይ ቸልታ አያስፈልግም። ለሕፃኑ ላይፍ ጃኬት ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ በየጀልባው የምታገኙት ብዙ ጊዜ የአዋቂ ልክ ነው። ልኩን እንዲህ ሞክሩ፦ ልጁን አልብሳችሁ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቁ፣ ከዚያ ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ጃኬቱ ተስቦ አገጩንና ጆሮውን ከሸፈነ ሰፍቶታል፤ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። በግራና በቀኝ እግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ግዙ። ክንድ ላይ የሚነፉት ፊኛዎች መጫወቻ ናቸው፤ ከመስመጥ አያድኑም።

ብዙ ዘመድ ባለበት ልጅ የሚሰምጠው ሁሉም «ሌላው እያየው ነው» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ጠባቂው በስም ይታወቅ፣ በየሃያ ደቂቃው ይለወጥ፣ ስልክ አይያዝ፤ ከአምስት ዓመት በታች ካለ ልጅ የአንድ ክንድ ርቀት አይራቅ። ለታዳጊዎቹ ወደ ውስጥ የሚጎትተውን ሞገድ አስረዷቸው፦ ከሞገዱ ጋር አይታገሉ፣ እስኪላቀቃቸው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይዋኙ፣ ከዚያ ይመለሱ።

ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ ሲወጡ ድገሙ። ከስድስት ወር በታች ሕፃን ግን ጥላ ሥር ይሁን። የትንኝ መከላከያው ከፀሐይ ቅባቱ በኋላ ነው የሚቀባው፤ የትንሽ ልጅ እጅ ላይ አይደረግም፣ ወደ አፉ ይወስደዋልና። ጃማይካ ውስጥ ዴንጊ የሚባል የትኩሳት በሽታ አለ፤ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትነክሰው። ትኩሳት ከመጣ ፓራሲታሞል ስጡ እንጂ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለተቅማጥ የሚሆን ኦ አር ኤስ ከቤት ያዙ፤ አንዱን ፓኬት ለተጻፈበት የውኃ መጠን ብቻ በጥብጡ።

መንገድ

መኪና በግራ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ወይም ኢትዮጵያ ያደገ ልጅ መንገድ ሊሻገር ሲል በልማድ ወደ ግራ ያያል፤ መኪናው ግን ከቀኝ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ከሆቴሉ በር ወጥታችሁ አብራችሁ ተለማመዱ። የልጅ መኪና ወንበር ታክሲ ውስጥ አታገኙምና የራሳችሁን ውሰዱ፤ ብዙ አየር መንገዶች ወንበርና ጋሪ በነፃ ይጭናሉ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ቀይ ሰሌዳ አለው። የአደጋ ጊዜ ቁጥሮቹ ፖሊስ 119፣ አምቡላንስና እሳት 110 ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ሻንጣ ስታስሩ እዩ፦ የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ ለሕፃን እንኳ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኮፍያና ቦርሳም ጭምር እቤት ይቅር።

ጾምና ምግብ

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የፀደይ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍልሰታ አለ። ጃማይካ ለጿሚ ትመቻለች። ራስተፈሪያኖች «አይታል» የሚሉት ምግብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም፤ ጨውም ብዙ ጊዜ አይገባበትም። ካላሉ የሚባለው ቅጠል ጎመናችንን ይመስላል፤ ግን በደረቅ ዓሣ ሊሠራ ስለሚችል ጠይቁ። በኮኮናት ወተት የሚበስለው ሩዝና ባቄላም አንዳንዴ የአሳማ ጨው ሥጋ ይገባበታል። ስኮች ቦኔት የሚባለው በርበሬ ከሚጥሚጣ አይተናነስም፤ ለልጅ ሳይጨመር ይሠራላቸው። አኪ የተባለውን ፍሬ ምግብ ቤት ብሉት እንጂ ልጅ ከዛፍ አይቅጠፍ፤ ራሱ ያልተከፈተ ፍሬ መርዝ አለው።

ለታዳጊዎቹ

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በየግድግዳው ያያሉ፤ ከኢትዮጵያ ናችሁ ሲባሉም የሚያቅፋቸው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ንገሯቸው፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑ ድረስ ጎርፎ ነበር፤ ዕለቱ እስከ ዛሬ ይከበራል። ለራስተፈሪያኖች የንጉሡ ስም ሃይማኖት ነውና ክርክር ውስጥ አይግቡ፣ ያዳምጡ። ኪንግስተን 56 ሆፕ ሮድ የሚገኘው የቦብ ማርሊ ቤት ሙዚየም ነው፤ ከተማዋ ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ከኦቾ ሪዮስ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ከሞንቴጎ ቤይ ግን ከትንሽ ልጅ ጋር አይሞከር።

የመጠጥ ዕድሜ 18 ነው። ካናቢስ በግልጽ ሲቀርብላቸው ምን እንደሚሉ ቤት ሳሉ ተስማሙ፤ በትንሽ መጠን መያዝ ከ2015 ጀምሮ እንደ ከባድ ወንጀል ባይቆጠርም ለልጅ አልተፈቀደም፣ ኤርፖርት ይዞ መገኘትም ያሳስራል። ለነፃነታቸው ወሰን አብጁለት፦ ከሆቴሉ ግቢ አይወጡም፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ በተባለው ሰዓት ምግብ ቤቱ በር ላይ ይገኛሉ።

የደረሳችሁበት ቀን ክፍሉ ብዙ ጊዜ ከ9 ሰዓት በፊት አይሰጥም። የዋና ልብስ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የትንሿ ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት ዳይፐርና አንድ ቅያሪ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁኑ፤ ትልቁ ሻንጣ ቢዘገይም ልጆቹ በቀጥታ ወደ ገንዳው ይገባሉ።