ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየጠፋ ያስቸገረኝን መኪና እንዴት እንዳስተካከልሁ

እ.ኤ.አ. በ1999 የተመረተችው መኪናዬ ሞተሯ ከሞቀ በኋላ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ) ትንቀጠቀጥና ትጠፋ ነበር፤ ነዳጅ ስሰጣት ግን ደኅና ትሄዳለች። ካንዴላና የነዳጅ ፊልትሮ መቀየሬ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ አስቀድሜ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ማስነበብ ነበረብኝ።

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ስለነበር በኮምፒውተር ሲነበብ ፒ0402 ወጣ፤ ይህም ወደ ሞተሩ ተመልሶ የሚገባው የተቃጠለ ጭስ መብዛቱን ያመለክታል። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀትን ለመቀነስ በጉዞ ላይ ጥቂት ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ኢጂአር ቫልቭ በሚኒሞ ጊዜ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ጭሱ የንጹሑን አየር ቦታ ይይዝና ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል።

ቫልቩን አየር በመሳብ የሚከፍተውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅዬ አፉን ብደፍነውም መንቀጥቀጡ ስላልቆመ፣ ጥፋቱ ቫልቩን በሚያዝዘው ክፍል ሳይሆን በራሱ በቫልቩ ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፈትቼ ሳየው፣ የምስር ፍሬ የምታክል የጠጠረች ጥላሸት በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል ተሰንቅራ አገኘኋት። ፈሳሹ የላይኛውን ላስቲክ እንዳይነካ ተጠንቅቄ፣ በካርበሬተር ማጽጃና በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) መልሼ አሰርሁት። ኮዱን ካስጠፋሁ ወዲህ ሦስት ሳምንት ነድቻለሁ፤ መብራቱም አልበራም፣ ሞተሩም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም።