ሳይገባ «ገባኝ» ማለትና ሌሎችም፦ በውጭ አገር የሥራ ልምምድ ወቅት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሥራ ልምምድ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ተማሪ ዝግጅቱን ሁሉ በሙያው ላይ ያደርጋል፤ የተማረውን ይከልሳል፣ የድርጅቱን ድረ ገጽ ያጠናል፣ ቋንቋውን ያሻሽላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ተለማማጆች የሚሰናከሉት ሥራው ከብዷቸው ሳይሆን፣ በአንድ ጥያቄ ሊጣራ ይችል የነበረውን ጉዳይ በግምት ስላለፉት ነው።

የመጀመሪያው ግምት ከጉዞ በፊት የሚፈጸም ሲሆን፣ እርሱም «ደመወዝ ስለማይከፈለኝ ልምምዱ ሥራ አይባልም» ብሎ በጎብኚ ቪዛ መግባት ነው። በብዙ አገሮች ያለ ክፍያ የሚደረግ ልምምድም ፈቃድ ይፈልጋል። የሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀናት መቆየትን ይፈቅዳል እንጂ በራሱ የመሥራት መብት አይሰጥም። ወደ አሜሪካ በጄ-1 ቪዛ፣ ማለትም በልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ፣ የሚሄድ ተለማማጅ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም በመማር ላይ ያለ ወይም ከተመረቀ 12 ወር ያላለፈው መሆን ይኖርበታል፤ የልምምዱም ጊዜ ከ12 ወር አይበልጥም። ከዚህ በተጨማሪ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቆጣጠረውና ምን እንደሚማር የሚዘረዝር ዲኤስ-7002 የተባለ የሥልጠና ዕቅድ ይፈረማል። ይህን ቅጽ ሳያነቡ ፈርመው የሚያስቀምጡት አይጠፉም፤ በእኔ እምነት ግን ተለማማጁ በእጁ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ነው። ሰነድ ኮፒ ሲያደርግ ቢከርም «ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው» ብሎ ለመናገር የሚያስችለው ይኸው ሰነድ ነውና።

ክፍያን በተመለከተ በቃል ተስፋ ተማምኖ መነሳትም የተለመደ ስህተት ነው። በፈረንሳይ የተማሪ ልምምድ የሚመራው ተማሪው፣ የትምህርት ተቋሙና ድርጅቱ በሚፈርሙት የሦስትዮሽ ውል ሲሆን፣ ከሁለት ወር በላይ ለሚቆይ ልምምድ ድርጅቱ የመክፈል ግዴታ አለበት። በጀርመን በሥርዓተ ትምህርቱ የታዘዘ ልምምድ ከዝቅተኛው ደመወዝ ሕግ ውጭ ነው፤ በራስ ፍላጎት የሚደረግና ከሦስት ወር የሚበልጥ ልምምድ ግን በሕጉ ይሸፈናል። ስለዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ተለማማጆች የተለያየ ክፍያ ቢያገኙ የግድ አድልዎ ተፈጽሟል ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሳይገባ «ገባኝ» ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት አምስት ሰዎች ከአምስት አገር መጥተው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበዋል እንበል፤ የእያንዳንዳቸው እንግሊዝኛ የየራሱ ቅላጼ አለው። ኃላፊዋ ለተለማማጁ «የደንበኞቹን ዝርዝር ጊዜ ስታገኝ ብታየው» ትለዋለች፤ ከሰዓት በኋላም «እስከ 05/06» የሚል አጭር ኢሜይል ትልክለታለች። እርሱ በስብሰባው ላይ ራሱን ነቅንቆ ወጥቷል። «ብታየው» የተባለው አንብበው ለማለት ይሁን አርመው ለማለት፣ «ጊዜ ስታገኝ» የተባለውም ትሕትና ይሁን እውነተኛ ፈቃድ አላወቀም። ቀኑን እንኳ አሜሪካዊ ሜይ 6 ብሎ ሲያነበው አውሮፓዊ ጁን 5 ብሎ ያነበዋል፤ ልዩነቱ አንድ ወር ገደማ ነው። መፍትሔው ሦስት መስመር ጽፎ መላክ ነው፦ «የተረዳሁት እንዲህ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የተደጋገሙትን ስሞች አወጣለሁ። የታረመውን ፋይል እስከ ጁን 5 እልካለሁ፤ ያልተረዳሁት ካለ ይንገሩኝ።» የወሩ ስም በፊደል መጻፉን ልብ ይሏል። እንዲህ ማድረግ አላዋቂ ያስመስለኛል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ኃላፊዋ ግን ሦስት መስመር ለማንበብ አንድ ደቂቃ፣ በተሳሳተ መንገድ የተሠራ ዝርዝር ለማስተካከል ግን ቀናት ያስፈልጓታል።

አስተያየትን በራስ አገር ልማድ መመዘንም ከዚሁ የሚቀዳ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል መልእክቱን በቃላቱ ውስጥ ግልጽ አድርጎ በሚያስቀምጥና አብዛኛውን ነገር ለሁኔታውና ለአድማጩ ግንዛቤ በሚተው አነጋገር መካከል ያለውን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1976 አብራርቶ ጽፏል። አንዱ ኃላፊ ያለ ሰላምታ «ይህ ክፍል አልሆነም፤ እንደገና ይጻፍ» ብሎ ይመልሳል፤ ሌላው «ምናልባት ሌላ አማራጭም ብናይ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ሁለቱም ያሉት አንድ ነገር ሊሆን ይችላል። ተለማማጁ በመጀመሪያው ተቀይሞ ሁለተኛውን እንደ ሙገሳ ከወሰደው ሁለቱንም አልሰማም።

ይህን የተማረ ሰው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስህተት ይሄዳል፤ የሥራ ባልደረባውን በፓስፖርቱ ማንበብ ይጀምራል። ሆላንዳዊው የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርት ሆፍስቴዴ የአገሮችን ባህል ያነጻጸረባቸው የታወቁ መለኪያዎች መነሻ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይቢኤም ሠራተኞች የተሰበሰበ መጠይቅ ነበር። ውጤቱ የአገር አማካይ ነው፤ አማካዩም አጠገብ ስለተቀመጠው ሰው ብዙ አይናገርም፤ እርሱ በአንድ አገር ተወልዶ፣ በሌላ ተምሮ፣ በሦስተኛው ዓመታት ሠርቶ ሊሆን ይችላል። «ከአንተ ጋር ስሠራ ጥያቄ በጽሑፍ ብልክ ይሻልሃል ወይስ መጥቼ ባነጋግርህ?» ብሎ መጠየቅ ስለ አገሩ ከተጻፈ ምዕራፍ ሁሉ ይበልጣል።

በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ የራስን ቋንቋ ከሚናገሩ ጋር ብቻ መቀመጥም ያከስራል። በመጀመሪያው ሳምንት መጽናኛ ነው፤ በሁለተኛው ወር ግን በስብሰባ ላይ የማይነገረው ወሬ ሁሉ ያመልጣል።

በመጨረሻም የስንብቱን ሳምንት መጠበቅ አይገባም። የኢሜይል መለያው በመጨረሻው ቀን ሊዘጋ፣ ኃላፊዋም ዕረፍት ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ የተሠራውን በየሳምንቱ መዝግቦ መያዝና የምስክር ወረቀቱን ቀደም ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚፈለግም ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ በጀርመን የሥራ ምስክር ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የቆይታውን ጊዜና የሥራውን ዓይነት ብቻ የሚገልጽ ሲሆን፣ ሌላው የሥራ ብቃትንና ሥነ ምግባርን ጭምር ይመዝናል። ሁለተኛው የሚጻፈው ሠራተኛው ሲጠይቅ ነው።