ኤጀንቱ ቁርስን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲመዘግብ፦ ችግርና መፍትሄ

ሰው የበላውን በአማርኛ እየነገረ በኤጀንት (የተነገረውን ተረድቶ ሥራውን ራሱ በሚያከናውን የAI ረዳት) የሚያስመዘግብበት ትንሽ መተግበሪያ ሠርቼ ነበር። ስህተት ሲበዛብኝ ኤጀንቱ የሚሠራበትን የAI ሞዴል ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው እኔ የጻፍኩት የቱል (ኤጀንቱ ለመመዝገብ ወይም ለመፈለግ የሚጠራው ኮድ) መግለጫ ነበር። ኤጀንት ኮዳችሁን አያይም፤ የሚያየው የቱሉን ስም፣ መግለጫውንና ፓራሜትሮቹን (ቱሉን ሲጠራ የሚሞላቸውን ቦታዎች) ነው። ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ሎጉን (የጥሪዎቹን መዝገብ) ከፍታችሁ ቱሉ በምን እሴት እንደተጠራ እዩ። ኤጀንቱ ለተጠቃሚው የጻፈው ያማረ መልስ አያታልላችሁ።

ቁርስ ሌሊት ላይ ገብቷል

ተጠቃሚው «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፍርፍር በላሁ» ይላል፤ ዳታቤዙ ውስጥ 02:00 ይገባል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መንስኤው ፓራሜትሩ ላይ «ሰዓት» ብቻ ብዬ መተዌ ነበር።

«በኢትዮጵያ ሰዓት ከሆነ 6 ደምር» የሚል መመሪያ ጨመርኩ። ለጠዋት ሠራ። «ማታ 2 ሰዓት» ሲመጣ ግን ያው 6 ተደመረና እራቱ 08:00 ላይ ገባ፤ መደመር የነበረበት 18 ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ለሞዴሉ አትተዉለት። ቱሉ ቁጥሩንና የቀኑን ክፍል (ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት) ለየብቻ ይቀበል፤ ስሌቱን ኮዱ ይሥራው። «ጠዋት 8 ሰዓት» ከመጣ ሰውየው በፈረንጅ ሰዓት ነው የተናገረው፤ ውጭ አገር ያሉ ተጠቃሚዎች ላይ ይህ ይበዛል።

ቀኑም ያጣላል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተበላውን ሰው «ትናንት ማታ» ይለዋል፣ ዳታቤዙ ግን 00:00 ላይ ቀን ቀይሯል። የትኛው ቀን ላይ እንደሚገባ መግለጫው ውስጥ በምሳሌ አስቀምጡ።

ኤጀንቱ «ሥጋ አልበሉም» ይላል፤ ተበልቷል

የተመዘገበው «ስጋ» ነው፣ የተፈለገው «ሥጋ»። ለኮምፒውተር ሰ እና ሠ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጾምና ፆም፣ ዓሣና አሳም እንደዚሁ ይተላለፋሉ። ሲመዘገብም ሲፈለግም ሞክሼ ፊደላትን በሰባቱም ቤት ወደ አንድ መልክ አምጡ፤ ተጠቃሚው የጻፈውን ግን እንዳለ ለብቻው አቆዩለት።

ግማሹ ጥፋት ደግሞ የባዶ ውጤቱ ነው። ቱሉ ባዶ ዝርዝር ሲመልስ ኤጀንቱ «አልበላም» ብሎ ተረጎመው። «በዚህ ቃል የተመዘገበ አልተገኘም፤ በሌላ ስም ፈልግ» ብሎ የሚመልስ ቱል ኤጀንቱን እንደገና እንዲፈልግ ይገፋዋል።

ረቡዕ ቀን ሽሮው ላይ ቅቤ ገባ

«ሽሮ» ሲፈለግ የጾምም የፍስክም ይመጣል፤ ኤጀንቱ የመጀመሪያውን አንስቶ ይሄዳል። ውጤቱ ላይ የጾም ወይም የፍስክ የሚል መስክ ጨምሩ፤ መግለጫው ላይም «ከአንድ በላይ ከተገኘ ተጠቃሚውን ጠይቅ» በሉ። ከቀን መቁጠሪያ እንዲገምት ማድረግ ግን አልወድም፤ ሁሉም ሰው አይጾምም።

አንድ ምሳ ሁለት ጊዜ

ኔትወርክ ተቆርጦ ኤጀንቱ ቱሉን ደግሞ ጠርቶታል። እያንዳንዱ ምዝገባ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር ሲደገም ቱሉ አዲስ ሳይጽፍ የፊተኛውን ይመልስ።

ካሎሪው አራት እጥፍ ሆነ

ኪሎጁል ነው የገባው። አንድ ኪሎካሎሪ 4.184 ኪሎጁል ነው። ፓራሜትሩን «ኃይል» ሳይሆን «ኃይል_በኪሎካሎሪ» በሉት።

አስተካከልኩ፤ መስተካከሉን በምን ልወቅ?

ሰዎች እንደሚናገሩት አድርጋችሁ 30 ያህል ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ዳታቤዙ ውስጥ መገኘት ያለበትን ረድፍ አስቀምጡ። ፈተናው የሚታረመው በረድፉ ነው፤ «መዝግቤልዎታለሁ» የሚል መልስ ነጥብ አያሰጥም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ አስኪዱት፣ ዛሬ ያለፈው ነገ ይወድቃልና። መግለጫውን ስታርሙ የዓረፍተ ነገሮቹን ግማሽ አትመልከቱ፤ አለዚያ ለፈተናው ብቻ የሚሠራ መግለጫ ትጽፋላችሁ።

ቱሉ ጨርሶ መጠራት የሌለበትንም አስገቡ። የእኔው «ነገ ክትፎ ልበላ አስቤያለሁ» የሚል ነበር፤ ከአምስቱ ሙከራ በሦስቱ ክትፎው ተመዘገበ።