አቅም ያጣው ሰው በምን ይገዛል? በመጽሐፍ ውይይት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ላይ በመጽሐፍ ውይይት ገጸ ባህርይ ተንትናችሁ ለምታቀርቡ ወጣቶች ነው የምጽፈው። በራሱ ኑሮ ላይ ሥልጣን የሌለው ገጸ ባህርይ ሌላውን እንዴት እንደሚቆጣጠር ስታስረዱ፣ እነዚህ ስህተቶች ድካማችሁን ሁሉ ገደል ይከቱታል።

«ቅናት ነው» ብሎ መቀመጥ። ወይ «የበታችነት ስሜት ነው»፣ ወይ «ክፉ ስለሆነ ነው»። እባካችሁ ይህን ተዉት! ቅናት የያዘው ሁሉ ሰው አይገዛም። ለመግዛት በእጅ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል፤ እሱን ፈልጉ። ዶስቶየቭስኪ በ1864 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የ«ምድር በታቹን» ሰው ማስታወሻ ውሰዱ። ተራኪው በፒተርስበርግ ማንም የማይቆጥረው ተራ ጸሐፊ ነው። አፖሎን የሚባል አሽከር አለው፤ የወር ደሞዙ 7 ሩብል። ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ጌታው ግን አሽከሩ ዝቅ ብሎ እስኪለምነው ይይዝበታል። አፖሎን አይለምንም። ገብቶ ይቆምና ዝም ብሎ ያፈጥበታል፤ የሚጮኸው ጌታው ነው። ሊዛ የምትባል ሴተኛ አዳሪም የምትደርሰው በዚያ ጩኸት መሐል ነው። በሴተኛ አዳሪዎች ቤት በምክር ያስለቀሳት ሰው አሁን ሲዋረድ አየችው። ስትወጣ 5 ሩብል በእጇ ያስጨብጣታል፤ ከሄደች በኋላ ኖቱን ተጨማዶ ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል። ደሞዝ፣ ምክር፣ የ5 ሩብል ኖት፦ ሦስቱንም ሞከረ፣ ሦስቱም ከእጁ አመለጡ። «ቅናት» የሚለው ቃል ከዚህ የትኛውን ያስረዳል?

ስለዚህ ወረቀታችሁን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ማን፣ በምን፣ እስከ መቼ። ለአንድ ገጸ ባህርይ ሦስት ወይም አራት ትዕይንት ይበቃል። አብዛኛው ሰው ባዶ የሚተወው ሦስተኛውን ዓምድ ነው፤ መሣሪያው የሚሰበርበት ቦታ ግን እዚያ ነው የሚታየው።

ዕዳን መዝለል። ይህ ከጅማ አንባቢ ሲመጣ ይበልጥ ያሳዝናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቡናው ሳይቀላ የተበደረ ገበሬ፣ ለቀማው ሲደርስ በዋጋው ላይ አፍ እንደማይኖረው እዚህ አገር ለማንም መንገር አያሻም። ያው አንባቢ ግን የኤሚሊ ብሮንቴን የ1847 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ «ዋዘሪንግ ሃይትስ» ሲያነብ የሂትክሊፍን ንዴት ብቻ ያያል። ሂትክሊፍ ከመንገድ የተነሣ፣ ሂንድሊ እንደ አሽከር ያሠራው ልጅ ነው። የሂንድሊን ቤት የወሰደው በጡጫ አይደለም። ሂንድሊ ቁማር እየተጫወተ ገንዘብ ሲያጣ፣ ሂትክሊፍ እያበደረ ርስቱን በወለድ አገድ ያዘበት። ሂንድሊ ሲሞት ልጁ ሄርተን በገዛ አባቱ ቤት ያለ ደሞዝ የሚሠራ አሽከር ሆነ። በፈረንሳዊው ባልዛክ ልብ ወለድ «ኩዚን ቤት» ውስጥ ያለችው ሊዝቤት ፊሸርም እንዲሁ ናት፤ ከሀብታም ዘመዶቿ ሥር የምትኖር ድሃ፣ ያላገባች ሴት። ራሱን ሊያጠፋ የነበረን ወጣት ቀራጺ አድና በቆጠበችው ገንዘብ ታኖረዋለች፤ ወጪውን ደግሞ በብድር ሰነድ ታስፈርመዋለች። ሌላ ሊያገባ መሆኑን ስትሰማ በዚያው ሰነድ ታሳስረዋለች። እናትነትና አበዳሪነት በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ከዚህ የጠራ ማሳያ አላውቅም።

የተጨቆነን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ ማቅረብ። በዲክንስ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ያለው ጸሐፊ ዩራያ ሂፕ «እኔ ትሑት ነኝ» ማለትን የተማረው በበጎ አድራጎት ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያው ትሕትና የአሠሪውን የመጠጥ ድክመት ይዞ ቢሮውን ወሰደው። እዘኑለት፣ ግን ያደረገውን አትሸፍኑለት።

ስለትን እንደ ባህል ጌጥ አይቶ ማለፍ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ ወላጆች ተራ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ በባላባት ፊት ቃል የላቸውም። ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት የተሳሉት ስለት ግን ዕድሜውን ሙሉ አሰረው። በዕዳ የተያዘ ሰው ከአበዳሪው ጋር ይከራከራል፤ በስለት የተያዘ ከማን ጋር ይከራከር? እናቱ ውድነሽ ልጇን የምትወድ መሆኗንም አብራችሁ ተናገሩ፤ ፍቅሯን ከቆረጣችሁት ትንተናው ውሸት ይሆናል።

ፊልሙን አይቶ መምጣት። አትምጡ።

ጥቅስ ስትጠቅሱ የገጽ ቁጥር ብቻ አትጥሩ። የትርጉም እትሞች ገጻቸው ስለሚለያይ ምዕራፉን ተናገሩ፤ አድማጩም መጽሐፉን ገልጦ ይከተላችሁ።